ጥቆማ፦ ከኧርዝባውንድ ጀምሩ፤ ትዕግሥት ግን ይዛችሁ

ሰይፍ፣ ግንብና ዘንዶ ሰልችቷችሁ ለየት ያለ የጃፓን አርፒጂ (ገጸ ባሕርያትን እየመሩ በታሪክ ውስጥ የሚጓዙበት የቪዲዮ ጌም) ጠቁሙን ላላችሁ፣ የእኔ መልስ ኧርዝባውንድ ነው። በጃፓን «ማዘር 2» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1994 ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ ወጣ፤ በ1995 አሜሪካ ሲገባ ይህን ስም ያዘ። የጻፈው ሺጌሳቶ ኢቶይ በሙያው የማስታወቂያ ጸሐፊ ነው። ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ መንገድ ዳር የቆመ ተራ ሰው እንኳ ስታናግሩት ያልጠበቃችሁትን ይናገራል።

ታሪኩ ሲያወሩት ቀልድ ነው የሚመስለው። ኔስ የሚባል ቆብ ያጠለቀ ልጅ ከሰፈሩ በላይ የወደቀውን የሰማይ ድንጋይ ለማየት በሌሊት ይወጣል። ንብ የሚመስል መልእክተኛ ከወደፊቱ ዘመን መጥቶ ዓለምን ለማዳን የታጨኸው አንተ ነህ ይለዋል። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ልጅ እናት ተባይ መስሏት በአንድ ምት ትጨፈልቀዋለች። መልእክተኛው ግን ነፍሱ እየወጣች ረጅም ኑዛዜ ይናገራል፤ ሲጨርስም ልድገምልህ ወይ ይላል። ከዚያ በኋላ የቤዝቦል ዱላ ይዞ ከቁራ፣ ከባለቤቱ ካመለጠ ውሻና ካበደ ታክሲ ጋር መደባደብ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሳቁ ሳይሆን ናፍቆቱ ነው። በዚህ ጌም ናፍቆት እንደ መርዝና እንደ ጉንፋን ከበሽታ ተቆጥሯል። ኔስ ከቤቱ ሲርቅ በፍልሚያ መካከል እናቱ ትናፍቀውና ዱላውን ሳይሰነዝር ተራው ያልፈዋል። መድኃኒቱ ስልክ ፈልጎ እናትን ማናገር ነው። አገሩን ትቶ የሚኖር ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። አባትየው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታይም፤ ድምፁ በስልክ ብቻ ነው፣ ገንዘቡ ግን በየጊዜው ባንክ ይገባል። ይህንንስ የማያውቅ ማን አለ?

ሲጀመር የምትወዱትን ምግብ ይጠይቃችኋል። ዶሮ ወጥ ለማለት ቦታው አልበቃኝም፤ በላቲን ፊደል «ሽሮ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓታት በኋላ ተጎሳቁዬ ቤት ስገባ ያቺ ፈረንጅ እናት ሽሮ ሠርታ አበላችኝና አስተኛችኝ። ከምግብ ሌላ የምትወደው ነገር ምንድን ነው ሲለኝ ቡና አልኩ፤ የኔስ ትልቁ የአእምሮ ኃይል «ቡና» ተብሎ ቀረ። እስከ መጨረሻው ጠላት ሁሉ በቡና ሲወድቅ ኖረ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አንደኛው የዕቃ ነገር ነው፣ እሱም ያናድዳል። አንድ ገጸ ባሕርይ የሚይዘው 14 ዕቃ ብቻ ሲሆን የለበሰውና የታጠቀውም ከዚያው ይቆጠራል። ኔስ የባንክ ካርዱን፣ የአባቱን ጥሪ የሚቀበልበትን ስልክና ዜማ የሚያጠራቅምበትን ድንጋይ ከያዘ በኋላ ለሃምበርገር የሚተርፈው ኪስ ጥቂት ነው። ትርፉን እህቱ ዘንድ በመልእክተኛ መላክ ይቻላል፤ ግን በአንድ ጊዜ ከሦስት ዕቃ አይበልጥም። አካሄዱም ቀርፋፋ ነው፣ መሮጥ የሚባል ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳሉ፤ ኔስ ብቻውን ነውና። ብዙ ሰው ጌሙን የሚተወው እዚያ ላይ ነው።

ጥቂት ቆይታችሁ አንድ ሸለቆ ውስጥ ሲሞቱ የሚፈነዱ ዛፎች ታገኛላችሁ። እዚህ ጋ የጌሙ ብልሃት ይገለጣል። ጠላት ሲመታችሁ ሕይወታችሁ በአንድ ጊዜ አይጎድልም፣ ቁጥሩ እንደ መብራት ቆጣሪ እየተንከባለለ ይወርዳል። ዜሮ ሳይደርስ ፍልሚያውን ከጨረሳችሁ ወይም ከታከማችሁ ትተርፋላችሁ። ዛፉ ፈንድቶ ቁጥሩ ሲወርድ፣ ፍልሚያው ቶሎ እንዲያልቅ ጽሑፉን ለማሳለፍ ቁልፍ ስደበድብ እጄ አልቦት ነበር።

የት ይገኛል ለሚለው፣ ለስዊች ማጫወቻ በተዘጋጀው የደንበኝነት አገልግሎት፣ በኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን፣ ከ2022 ጀምሮ አለ፤ ተራው ደንበኝነት በአሜሪካ በዓመት 20 ዶላር ገደማ ነው። አገልግሎቱ ስትሳሳቱ ጨዋታውን ወደ ኋላ መመለሻም አለው፤ ለዛፎቹ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ፣ ቆጣሪው ትርጉም ያጣል። የድሮውን ካርትሪጅ መግዛት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ስለሆነ ለሰብሳቢዎች ተዉት። እኔ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ከአንድ ሻጭ የገዛሁት ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። ጌሙ ደግሞ ለሐሰተኛ ቅጂ ወጥመድ አለው፤ ጠላት ያበዛል፣ ያንን ሁሉ ችሎ ለመጨረሻው ፍልሚያ የደረሰን ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምበትና የተቀመጠውን ሁሉ ይሰርዛል። እኔ እዚያ አልደረስኩም፣ ሁለተኛው ከተማ ላይ ነው የሰለቸኝ።

ከዘመዶቹ ጋር ላወዳድርላችሁ። የ1989ኙ የመጀመሪያው «ማዘር» እዚያው ስዊች ላይ አለ፤ ጠላት ሳይታይ ድንገት እየመጣ ያስመርራል፣ ስለዚህ በእሱ አትጀምሩ። በ2006 የወጣው «ማዘር 3» በታሪክ ይበልጠዋል እላለሁ፣ ያስለቅሳልም፤ ነገር ግን ከጃፓን ውጭ በይፋ ወጥቶ አያውቅም፣ በእንግሊዝኛ የሚነበበው አድናቂዎች በ2008 የተረጎሙት ነው። ጊዜ የሌለው ሰው አንደርቴል የተባለውን ጌም ይሞክር። በ2015 ቶቢ ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ፣ እሱ ራሱ የኧርዝባውንድ አድናቂ፣ የሠራው ነው። አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማንንም ሳይገድሉ መጨረስም ይቻላል። ብልጠቱ ግን አንዳንዴ ይበዛብኛል፤ ኧርዝባውንድ ሲቀልድ እዩኝ አይልም።

ስለ መጨረሻው ፍልሚያ ምንም አልልም። ብቻ በጌሙ መካከል አንድ ሰው ደውሎ ስማችሁን ሲጠይቃችሁ የኔስን ሳይሆን የራሳችሁን ጻፉ።