በመርፌ ቅጠል ደን እሳት ወደ ዛፍ አናት የሚወጣው መቼ ነው?

ጥድ_ሥር፦
ቁመቱ 14 ሜትር ገደማ የሆነ የፓይን ደን እንውሰድ። ሕያው ቅርንጫፍ የሚጀምረው ከ2 ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች ደረቅ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል፣ መሬቱም በረገፈ ቅጠልና በጭራሮ ተሸፍኗል። መሬት ለመሬት የሚሄድ እሳት አናት ላይ ለመውጣት ምን ያህል ጉልበት ይበቃዋል? አቅም ለአንድ ሥራ ብቻ ቢኖር ማሳሳት (ከዛፎቹ ከፊሉን ቆርጦ ማውጣት) ይቅደም ወይስ መመልመል (የታችኛውን ቅርንጫፍ መቁረጥ)?

ፍም_ጠባቂ፦
ሁለት ጉዳይ ተደባልቋል፤ እሳቱ ይወጣል ወይ? ከወጣስ ከአናት ወደ አናት ይሮጣል ወይ?

ለመጀመሪያው ካናዳዊው የደን እሳት ተመራማሪ ቫን ዋግነር በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር እስካሁን ያገለግላል። የቅጠሉን እርጥበት በመቶኛ በ25.9 አባዙና 460 ደምሩበት። ውጤቱን በአናቱ መነሻ ከፍታ (ሕያው ቅርንጫፍ የሚጀምርበት፣ በሜትር) እና በ0.01 አባዙ፤ ከዚያ ወደ 1.5 ርቢ ከፍ አድርጉት። የሚገኘው በአንድ ሜትር የእሳት ግንባር ስንት ኪሎዋት እንደሚያስፈልግ ነው። እርጥበቱ 100 በመቶ ቢሆን (ማለትም ውሃው ከደረቁ ቅጠል ክብደት ጋር እኩል ሲሆን) ለ2 ሜትር 475፣ ለ4 ሜትር 1,350፣ ለ6 ሜትር 2,475 ገደማ ይወጣል። 475 ኪሎዋት ማለት 1.3 ሜትር ያህል ነበልባል ነው። ነበልባሉ ቅርንጫፉን መንካት የለበትም፤ የሚወጣው ትኩስ አየር ራሱ ቅጠሉን አድርቆ ያቀጣጥለዋል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ጉልበት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ መመልመል ይቅደም።

አንድ ነገር ግን፦ የተመለመለውን እዚያው ዛፉ ሥር ከምሮ መተው ካለመመልመል ይብሳል። ከፍታው ጨምሮ ሳለ የነበልባሉም ርዝመት አብሮ ይጨምራልና።

ጥድ_ሥር፦
አመሰግናለሁ። የአናቱ መነሻ የሚለካው ከየት ነው? የዛፎቹ አማካይ ይበቃል?

ፍም_ጠባቂ፦
አይበቃም። የትልልቆቹ አማካይ 5 ሜትር ሆኖ ከሥራቸው ቁመታቸው 3 ሜትር የሆነ ችግኞች ካሉ፣ ለእሳቱ መነሻው የችግኞቹ የታችኛው ቅርንጫፍ ነው። ደረቅ ቅርንጫፍ፣ የዛፍ ሽበትና የተላጠ ልጥም መሰላል ይሆናሉ፤ ቀመሩ ግን አይቆጥራቸውም። እናንተ በጠቀሳችሁት ደን 2 ሜትር የሚለው ቁጥር በወረቀት ብቻ ነው፤ በተግባር ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።

ነፋስ_ለኪ፦
ሁለተኛውን ልጨምር። አናት ለአናት ለመሮጥ ወሳኙ በአንድ ሜትር ኩብ የአናት ክፍተት ውስጥ ያለው ቅጠልና ቀጭን ጭራሮ ነው። 3ን ለዚህ ክብደት (በኪሎግራም) ስታካፍሉ ለሩጫው የሚያስፈልገው ትንሹ ፍጥነት በሜትር በደቂቃ ይገኛል፦ ለ0.2 ኪሎ 15፣ ለ0.1 ኪሎ 30፣ ለ0.05 ኪሎ 60። ፍጥነቱ እዚያ ካልደረሰ አንዳንድ ዛፍ ወይም ቡድን እንደ ችቦ ቦግ ይላል እንጂ ግንባሩ ሁሉ ተያይዞ አይሄድም።

ማሳሳት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል። ደኑ ሲሳሳ ፀሐይና ነፋስ ወደ ታች ይገባሉ፣ ርግፉ ቶሎ ይደርቃል፣ የመሬቱም እሳት ይፈጥናል። ጭራሮው ሳይወገድ አሳስቶ መሄድን እኔ እንደ መከላከያ ሥራ አልቆጥረውም። ቅደም ተከተሉ፦ መሬቱን ማጽዳት፣ መመልመል፣ ከዚያ ከትንንሾቹ ጀምሮ ማሳሳት።

በደረቅና ነፋሻ ቀን ለፈጣን ግምት፣ በሜዳ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ ከተለካው የነፋስ ፍጥነት አንድ አሥረኛውን ውሰዱ። ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ እሳቱ 4 ይሄዳል፣ ይህም በደቂቃ 67 ሜትር ገደማ ነው። ዳገት ላይ ከዚህም ይፈጥናል።

አረንጓዴ_መርፌ፦
ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ አይነድም ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ደኖች አዲሱ ቡቃያ ከመውጣቱ በፊት፣ በጸደይ፣ የአሮጌው መርፌ ቅጠል እርጥበት ወደ 85 በመቶ ይወርዳል። በዚህ እርጥበት የ2 ሜትሩ 475 ወደ 390 ዝቅ ይላል።

ጠባብ የእሳት መከላከያ መንገድም ብቻውን የአናት እሳትን አያቆምም። ፍንጣሪው ከግንባሩ ቀድሞ ማዶ ይወድቃልና፣ ከመንገዱ ጀርባ ያለው ደረቅ ርግፍም መጠረግ አለበት።