ቦቢ ቆዳው እየተላጠ ነው፤ ስንት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ልስጠው?

የቦቢ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ውሻዬ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲያክ አደረ። ከጅራቱ ሥር ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ቀልቷል። ሳበጥረው የተፈጨ ቡና የመሰለ ጥቁር ደቃቅ ይራገፋል። ጎረቤቴ «ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠሽ በምግቡ አድርጊለት፤ ደሙ ሲሸት ቁንጫው በራሱ ይሸሻል» አለችኝ። ልጬ አስቀምጫለሁ። ስንት ፍሬ ልስጠው?

የሳሪሱ፦ ነጭ ጋዝ ቀቢው። በአንድ ቀን ይለቀዋል።

ባለ ሁለት ውሻ፦ እህቴ፣ የተላጠውን ለወጥሽ አድርጊው፤ ለውሻው እንዳትሰጪው! ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ቢበስልም ቢደርቅም ጉዳቱ አይጠፋም። ምልክቱም በበላበት ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ነው ድዱ የሚነጣው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው፣ መነሣት የሚያቅተው። ነጭ ጋዝ ደግሞ ቆዳን ያቃጥላል፤ ሲልሰው ወደ ሆዱ፣ ሲተነፍሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ሰው በገዛ እጁ ላይ የማያፈሰውን እንስሳ ላይ ለምን ያፈሳል?

ከአያት፦ እኔ ለውሻዬ ሁለት ዓመት ነጭ ሽንኩርት ሰጥቻለሁ፤ ምንም አልሆነም።

ባለ ሁለት ውሻ፦ ቁንጫውስ ጠፋ?

ከአያት፦ አልጠፋም።

የቢሾፍቱ ተማሪ፦ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። የቦቢ እናት፣ ዋናውን ነገር አልነገሩንም፤ ምን ይበላል? የት ይተኛል? ጥቁሩን ደቃቅ እርጥብ ነጭ ጥጥ ላይ ያድርጉትና ጥቂት ይጠብቁ። ዙሪያው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ማለትም የተፈጨ የቦቢ ደም።

የቦቢ እናት፦ ጥጡ ቀላ! አሁን ነው ያየሁት፤ ሰውነቴን ወረረኝ። የሚበላው እኛ የምንበላውን ነው። ሁዳዴን ሙሉ እንጀራ በሽሮ በላ፤ ከፋሲካ ወዲህ ፍርፋሪና አጥንት። የሚተኛው በረንዳ ላይ ጆንያ አንጥፌለት ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ 55 ቀን ከጾመማ የፋሲካ ዶሮ ድርሻው በወግ ይሰጠው!

የቢሾፍቱ ተማሪ፦ ዶሮ ወጡም ሽሮውም ሽንኩርት አለበት፤ እሱን ዛሬውኑ ያቁሙ። ብዙ ሰው የወጥ ትራፊ ለውሻ የሚበቃ ይመስለዋል። እንጀራ ብቻውን የቆዳ ምግብ አይሆንም፤ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንክ የተባለውን ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ዚንክ ያጣ ውሻ ደግሞ ቆዳው ይሰነጣጠቃል፣ ይቀረፋል። ሥጋ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሳንባና ጉበት በደንብ ተቀቅሎ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የተቀቀለ እንቁላል ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው። ጥሬ ሳንባ ወይም ጉበት ግን ፈጽሞ አይስጡት፤ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ አደገኛ የትል በሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ምግቡ ላይ በቀን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጀምረው የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ያድርጉበት። ሊኖሌይክ የተባለው የስብ አሲድ በብዛት ያለበት ዘይት ነው፤ ውሻ ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ነው የሚያገኘው። ፀጉሩ ሲወዛ የሚያዩት ግን ከሳምንታት በኋላ ነው።

ተልባ ወዳጅ፦ ተልባም ይሆናል። እኔ ፈጭቼ ነው የምሰጠው።

የቢሾፍቱ ተማሪ፦ ተልባ አይጎዳም። ነገር ግን በውስጡ ያለውን ኦሜጋ 3 የተባለ የስብ ዓይነት ውሻ ወደሚጠቅመው ዓይነት የሚለውጠው እጅግ በጥቂቱ ነው። የዓሣ ዘይት ከተገኘ ይሻላል።

ቀድሞ ነጋዴ፦ ጥያቄው ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ቁንጫ የሚጠላው ደም የለም። የጠገበውንም የተራበውንም ውሻ ይነክሳል። ምግብ የተቆሰለውን ቆዳ ይጠግናል እንጂ ቁንጫ አያባርርም። ሴቷ ቁንጫ በቀን እስከ 40 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ እንደ ጨው ከውሻው ላይ ይረግፋል። የት? ጆንያው ላይ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ እዚያው ያድጋል፣ በድር ተጠቅልሎ ወራት ሊቆይ ይችላል። ጆንያውን አቃጥይው። በምትኩ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ የሚታጠብ ጨርቅ አንጥፊና ፀሐይ ላይ አስጪው። የበረንዳውን ስንጥቅ ሁሉ ጥረጊ። ውሻውን ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ አበጥሪና የወጣውን የሳሙና ውኃ ውስጥ ንከሪው።

የሳሪሱ፦ ነጭ ጋዝ ግን ይሠራል።

የቢሾፍቱ ተማሪ፦ አይቀባም! ለከብት መዥገር የሚረጨውንም በግምት በጥብጠው አይርጩበት። ቆዳው በዚህ ደረጃ ከቆሰለ ሐኪም ይየው፤ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለው ውሻ በጥቂት ንክሻ እንኳን እንዲህ ይሆናል። በክብደቱ ልክ ማጅራቱ ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒት አለ። ፊንጢጣው አካባቢ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካዩም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ቁንጫ ሲውጥ የሚይዘው የኮሶ ትል ዓይነት ነው።

የቦቢ እናት፦ ጆንያው ተቃጠለ። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ። ከድመቷ ጋር ስለሚተኙ ለእሷም ያንኑ የውሻ መድኃኒት ላንጠባጥብላት?

የቢሾፍቱ ተማሪ፦ አይሆንም! ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመት ይገድላል። ለእሷ የድመት ብቻ የሆነውን ይጠይቁ። አንብበውታል?

የቢሾፍቱ ተማሪ፦ የቦቢ እናት፣ እባክዎ ማንበብዎን ብቻ ይጻፉልኝ።