ጥቆማ፦ ልጆች ይዞ ጉማሬና ወፍ ለማየት የትኛው ይሻላል?

ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ፣ ልጆችንም የዱር እንስሳ ለማሳየት ለምትፈልጉ ጎጃም ውስጥ አራት ቦታ ይነሳል፦ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት፣ ገዳማት ያሉበት የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴና የዘንገና ሐይቅ። አራቱንም እወዳቸዋለሁ። እንስሳ ለማየት ከሆነ ግን የኔ ምርጫ ይህ ነው፦ በማለዳ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ መጀመሪያ ዓባይ መውጫ፣ ቀጥሎ ዘጌ፣ ከዚያ ነፋሱ ሳይበረታ መመለስ። ጢስ ዓባይን በዚያው ቀን አትደርቡ፤ ልጆቹ ይደክማሉ፣ እናንተም አንዱንም በወጉ ሳታዩ ይመሻል።

ማለዳ የምለው በምክንያት ነው። ጉማሬ ሌሊቱን ዳርቻ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ያድርና ቀኑን ውሃ ውስጥ ይውላል። ፀሐይ ሳትከር ከደረሳችሁ የማየት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፤ ሐይቁም ገና አልተናወጠም። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበል ያልለመደ ልጅ ይረበሻል።

ከቦታው ይልቅ ልብ ብላችሁ መምረጥ ያለባችሁ ባለ ጀልባውን ነው። ብዙ ሰው ዋጋ ብቻ ተከራክሮ ይሳፈራል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ላይፍ ጃኬት ለሁሉም፣ በተለይ በልጆቹ ልክ፣ አለ ወይ ብዬ ነው። አለ ካሏችሁ አውጥተው ያሳዩአችሁ፤ ልጆቹም ገና ወደቡ ላይ ይልበሱት። ቀጥሎ ጉማሬው ጋ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። ጥሩ ባለ ጀልባ ራቅ ብሎ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ይጠብቃል። «ፎቶ እንዲያምርላችሁ ልጠጋላችሁ» የሚላችሁን እሺ አትበሉት። ጉማሬ ሣር በል ነው፤ ሆኖም ትልቁ ወንድ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ግልገል ያላት እናት ደግሞ ጀልባ ከመገልበጥ አትመለስም። ውሃ ውስጥ ጠልቆ እስከ 5 ደቂቃ ስለሚቆይ የጠለቀበትን እንጂ የሚወጣበትን አታውቁም። ስለዚህ ከጠለቀ በኋላ ወደዚያ አቅጣጫ መንዳት የለበትም።

በትዕግሥት ከጠበቃችሁ መጀመሪያ የሚታያችሁ ጆሮው ነው። ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ከውሃው በላይ ይርገበገባሉ፤ ከዚያ ዓይኑ፣ ከዚያ «ፉፍ» ብሎ ውሃ የሚረጨው አፍንጫው። ልጆች በዚያች ቅጽበት ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። በዙሪያው ፔሊካኖች፣ ዳርቻው ዛፍ ላይ ደግሞ ዓሣ አዳኙ ነጭ ራስ ንስር አይጠፉም።

የደንገል ታንኳ ውብ ነው፤ አባቶቻችን እንጨት የጫኑበት፣ ዓሣ ያጠመዱበት ነው። ከዳርቻ ሳትርቁ ሞክሩት፤ ወደ ጉማሬ ግን ልጅ ይዛችሁ በታንኳ እንዳትሄዱ። ወደ ዘጌ የሚሄደው የሕዝብ ጀልባ በዋጋ ይረክሳል፤ ለእንስሳ ብሎ ግን መንገድ ላይ አይቆምላችሁም። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ጀልባ ብትከራዩ ይሻላል። ስትዋዋሉ ዘጌ ላይ የሚጠብቅበት ሰዓት ሂሳቡ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። የገዳም መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ለብቻው ነው።

ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ስለማይፈቀድ ጫካው እስከ ዛሬ አለ፤ ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ጦጣዎች አሉ። ሙዝ በእጃችሁ አትያዙ፣ አትመግቧቸውም፤ የለመደ ጦጣ የሌላውን ልጅ ምሳ ይነጥቃል። ነጠላ ያዙ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶችን ስለማያስገባ ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ዕቅድ ውስጥ አታስገቡት። መንገድ ዳር የሚሸጡትን ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ለልጆቹ ግዙላቸው፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለአካባቢው ሰው ይደርሳል።

ባይኖኩላር ለምትገዙ ወይም ለምትዋሱ፣ ባለ 8 እጥፉ ከባለ 10 ይሻላል። ጀልባ ላይ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ አጉልቶ የሚያሳየው ያደበዝዝባችኋል። ኮፍያና የሚጠጣ ውሃ ያዙ። ልጆቹ ዳርቻው ላይ እግራቸውን እንዳይነክሩ፤ ጣና ውስጥ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ። ለምሳ ባሕር ዳር ተመልሳችሁ ሐይቁ ዳር ሙሉውን የተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ብሉ። አጥንት የሚያስፈራው ልጅ ካለ የዓሣ ጉላሽ እዘዙለት።

ከወቅቶች ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ፤ ክረምቱ ወጥቷል፣ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎችም ገብተዋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ መመዝገቡን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ፌስታልና ጠርሙስ ለምን ውሃው ላይ እንደማይጣል ያኔ ይገባቸዋል።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለፏፏቴው እንጂ ለእንስሳ አይመረጥም። እሱንም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት እዩት፤ በበጋ ውሃው ይቀንሳል።

ከእንጅባራ፣ ከዳንግላ ወይም ከቡሬ ወገን የምትነሱ ከሆነ ባሕር ዳር ድረስ ሳትደክሙ ዘንገና ይበቃችኋል። ከዋናው አስፋልት ብዙም አይርቅም፣ ዙሪያው ዛፍ ነው፣ ጦጣም አለው። ግን እሳተ ገሞራ የፈጠረው እጅግ ጥልቅ ሐይቅ ስለሆነ ልጆቹን ከአፋፉ አርቁ። የትኛውንም ብትመርጡ በዋዜማው የመንገዱን ሰላም ለአካባቢው ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።