የሴቶች የቤት ሥራ ላይ ጥናት ብሠራ ያዋጣኛል?

የኩታበር ልጅ፦
ደሴ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው፤ ሶሲዮሎጂ። የመመረቂያ ጽሑፌን በገጠር ሴቶች የቤት ሥራ ላይ ልሠራ አስቤ አማካሪዬ «ጠባብ ነው፤ ኋላ ሥራ ያሳጣሻል» አለኝ። በዚህ መስክ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ካለ ይንገረኝ። ትርፉ ምንድን ነው?

አስናቀ፦
የሚሉሽን ሠርተሽ ተመረቂ። ፌሚኒዝሙ ከዲግሪው በኋላ ይደርሳል።

ጡረተኛዋ ከሐይቅ፦
ልጄ፣ እኔንም ጠባብ ነው ብለውኝ ነበር። የሀገሩን ግማሽ ሕዝብ ማጥናት እንዴት ጠባብ እንደሚሆን ግን እስከ ጡረታዬ ያስረዳኝ የለም።

በወጣትነቴ መጠይቅ ይዤ ተሁለደሬን ስዞር በር ላይ የሚቀበለኝ ባልየው ነው። ሚስቱ ምን እንደምትሠራ ስጠይቀው «ሥራ የላትም፣ ቤት ናት» ይላል። እሷ ከኋላው ልጅ አዝላ ምጣድ ታስሳለች! ቅጹም ከባልየው ጋር ነበር፤ «የቤት እመቤት» ሥራ ከሌለው ጎራ ነበር የምትመደበው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ትናንት ከተነሱ ጀምሮ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ያኔ ወረቀቱ አልበቃ አለ። ደግሞ አትቸኩይ። በአቦሉ ጎረቤት ይታማል፤ ስለ ራሳቸው የሚያወሩት በረካው ላይ ነው።

በ2005 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የሰዓት አጠቃቀም ጥናት ሲያካሂድ፣ በ2006 ደግሞ የዓለም ሥራ ድርጅት የጠራው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ የማይከፈልበትን የቤት ሥራ «ሥራ» ብሎ ሲቀበል፣ ብቻዬን ቤቴ ቡና አፈላሁ። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን የመሬት ደብተሩ ነው። በክልላችን የባልና የሚስት ስም ከነፎቷቸው አብሮ ገባበት። እዚህ ሐይቅ አንዲት እናት ከሳጥን አውጥታ ስታሳየኝ የባሏን ፎቶ በአውራ ጣቷ ሸፍና ነበር።

ዋጋም ከፍያለሁ። ሹመት አልፎኛል። በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዢዋ እኔ ነበርኩ፤ ጽሕፈቴ ያምራል እየተባለ።

አስናቀ፦
እትዬ፣ በእርስዎ ዘመን ተመርቆ ሥራ ነበር። ዛሬ ተመርቆ ቁጭ ነው።

ጡረተኛዋ ከሐይቅ፦
እሱስ እውነት ነው። ግን ሰፊ የተባለውን ርዕስ የሠሩትም ቁጭ ብለዋል። ልጄ፣ ርዕሱን ያዢው፤ ዘዴሽን ግን አጥሪ። የሴት ጉዳይ ሲሆን ስህተት ፈላጊው ይበዛል።

የኩታበር ልጅ፦
ዕድሜ ይስጥልኝ እትዬ። ባልየው ካጠገባችን አልነሳ ቢለኝስ?

ጡረተኛዋ ከሐይቅ፦
ወንድ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። እሱ ደጅ ላይ ስለ በሬ ዋጋ ይጠይቀው፤ ቶሎ አያልቅም። አንቺ ማድቤት ግቢ። ቂጣ ከሰጡሽ እንቢ አትበይ።