የውስኪ በርሜል ወይስ የባንክ አክሲዮን? ለሐዋሳ ቆጣቢዎች የቀረበ ጥቆማ

የስኮትላንድ ውስኪ በበርሜሉ ገዝቶ ለዓመታት ማስቀመጥና አትርፎ መሸጥ እንደሚቻል የሚናገሩ ማስታወቂያዎች ሐዋሳም ደርሰዋል። እቁብ የወጣላቸው፣ በተለይም ውጭ ሀገር ወንድም ወይም እህት ያሏቸው ሰዎች ያዋጣ እንደሆነ ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ እዚህ ካሉት አማራጮች ጋር አነጻጽሬ የምመርጠውን እጠቁማለሁ።

በቅድሚያ የሚሸጠው ንብረት ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የብሪታንያ ደንብ እንደሚያዝዘው፣ መጠጡ ስኮች ለመባል ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ፣ እዚያው ስኮትላንድ፣ ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት ይኖርበታል፤ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ በታች ከወረደ ደግሞ በዚህ ስም ሊሸጥ አይችልም። ውስኪው በቆይታው በዓመት 2 በመቶ ገደማ ስለሚተን፣ 200 ሊትር የተሞላበት በርሜል ከ10 ዓመት በኋላ 163 ሊትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። ሻጮች ስለ ዕድሜው እንጂ ስለዚህ ጉድለት ማውራት አይወዱም። ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ ብቻ ከገብስ ብቅል የተሠራ ውስኪ) ከሆነም እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ወዲህ በጠርሙስ ታሽጎ ካልሆነ ከስኮትላንድ አይወጣምና፣ በርሜሉን አስመጥቶ ሳሎን ሊያቆም ያሰበ ሰው ካለ ከወዲሁ ይተወው።

ከመጠጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። የሲዳማ ቡና ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቡናው ምርት ገበያው መጋዘን ገብቶ፣ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት በስሙ ደረሰኝ ካልተያዘ በቃል ብቻ ባለቤት ነኝ ቢል የሚሰማው የለም። በውስኪም ባለቤትነትን የሚያዛውረው ሻጩ ለመጋዘኑ የሚጽፈው ዴሊቨሪ ኦርደር የተባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ መጋዘኑም ተቀብሎ በርሜሉን በገዢው ስም መመዝገብ አለበት። አንዳንድ ደላሎች የሚሰጡት ያሸበረቀ የምስክር ወረቀት ብቻውን ይህን አይተካም፤ አንዱ በርሜል ለብዙ ሰዎች የሚሸጠውም በዚሁ ቀዳዳ ነው። የበርሜል ሽያጭ በብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ሥር ስለማይወድቅ፣ ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ አቤት የሚባልበት በር ጠባብ ነው።

ስለዚህ ሐዋሳ ለሚኖርና ያለው ብር ብቻ ለሆነ ሰው በርሜሉን አልመክርም። የምንዛሪ ተመኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ይወሰን እንጂ፣ ብርን መንዝሮ እንደ ልብ ለውጭ ኢንቨስትመንት መላክ አልተፈቀደም፤ በጥቁር ገበያ ልላክ ማለት ደግሞ በወንጀል መጀመር ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የማስቀድመው አክሲዮንን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢም 33 አክሲዮን ስለነበር፣ 9,900 ብር የያዘ ሰው ከሐዋሳ ሳይነሳ ባለድርሻ መሆን ችሏል። በዚያው ዓመት ጥር ወር የተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ወጋገን ባንክን በመመዝገብ ሥራ ጀምሯል። ገበያው ገና ጀማሪ በመሆኑ ገዢ በፈለጉት ቀን ላይገኝ ይችላል፤ ቢሆንም ተቆጣጣሪው እዚሁ ሀገር ውስጥ ነው፣ ክርክሩም በአማርኛ ይካሄዳል። የባንክ የጊዜ ገደብ ተቀማጭን ሁለተኛ አድርጌ የማስቀምጠው የዋጋ ንረቱ ወለዱን ሊበላው ስለሚችል ብቻ ነው።

ውጭ የሚኖረው ወንድም በራሱ ፓውንድ ልግዛ ካለ ነገሩ ይለያል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ የውጭ ዜግነት ቢይዝም እንኳ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እዚህ የባንክ አክሲዮን መግዛት እንደሚፈቀድለት አስቀድሞ ይወቅ። ልቡ ውስኪው ላይ ከሆነ ግን ከደላላ በፊት ለግለሰብ በርሜል የሚሸጡትን ፋብሪካዎች በቀጥታ ያነጋግር፤ በዓመት ይህን ያህል በመቶ ትርፍ አረጋግጣለሁ የሚለውን ሻጭ ደግሞ ጨርሶ አያነጋግር። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የበርሜሉን ቁጥር፣ የተሞላበትን ቀን፣ የመጋዘኑን ስም፣ በቅርቡ ተለክቶ የተገኘውን የሊትርና የአልኮል መጠን፣ የማከማቻና የመድን ክፍያውንም በጽሑፍ ይቀበል፤ ከዚያም ራሱ ወደ መጋዘኑ ደውሎ ያረጋግጥ። በጠርሙሱ ላይ የፋብሪካውን ስም መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነም ይጠይቅ፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ስማቸው እንዳይነሳ ሲሉ ከሌላ ፋብሪካ ሞልት አንድ ማንኪያ ያህል ጨምረው ስለሚሸጡ፣ ያ በርሜል ሲንግል ሞልት ተብሎ ሊሸጥ አይችልም፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት።