ሬሳ በር ላይ አቁሞ ደረሰኝ መጠየቅ አግባብ ነው?

ጠያቂው (አዲስ አበባ)
ሰላም የጎጃም ልጆች። አባታችን በቅርቡ እዚህ አዲስ አበባ አረፉ። «አጥንቴን ከአባቶቼ ጋር» ብለው ተናዘው ነበርና ሌሊቱን ዓባይን አሻግረን፣ ሲነጋጋ ከትውልድ ደብራቸው ደረስን። ትንሽ የገጠር ደብር ናት፣ ስሟ ይቆይ። መቃብሩ ተቆፍሯል። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አፈሩ ላይ ሰክተው ተቀምጠዋል። ቃሬዛው ግን ከበሩ አላለፈም። «የሰበካ ጉባኤ ክፍያ ከፍለዋል? የነፍስ አባታቸው ደብዳቤስ?» ተባልን። አክስቴ ወይራው ሥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ፣ አንዴ ቃሬዛውን አንዴ መዝገብ የያዘውን ሰውዬ ታያለች። ማልቀሱን ትታዋለች። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲሁ ቆየን። የ30 ዓመት ውዝፍ ከፈልን፣ ፍትሐቱ ደረሰ፣ ተቀበሩ። ክፍያ ያልከፈለ ሰው ቀብር ይከልከል? እስኪ ተከራከሩበት።

ከቡሬ
ካልከፈልክ አፈር አትቀምስም ነው ነገሩ! «በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ» የተባለው ለማን ነበር? ማቴዎስ 10፣ ቁጥር 8።

ገንዘብ ያዡ (ምሥራቅ ጎጃም)
ወንድም ዓለም፣ ሁለት ቁጥር ወረድ በልና አንብብ። «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ይላል። እኔም የአንድ ገጠር ደብር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ድሮ ደብር መሬት ነበረው፣ አገልጋዩም ከዚያው ይበላል። በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ሲባል ያ ቀረ። አሁን ጧፉም፣ ዕጣኑም፣ ዘቢቡም፣ የቄሱ ደመወዝም ከምእመኑ ኪስ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ጤፉን ሸጦ ቆርቆሮ የገዛ እዚህ ያለው ገበሬ ነው። የከተማው ልጅ በሬሳ ነው የሚመጣ።

ጠያቂው
አያ፣ ይህስ ገብቶኛል። ግን አባታችን አዲስ አበባ ላለው አጥቢያቸው ሲከፍሉ ነው የኖሩት። የአባልነት ካርዳቸው ኪሴ ውስጥ ነበር። አሳየሁ። «ያ የዚያ ነው» ተባልኩ። ሰው ሁለት ቦታ ይክፈል?

ከሞጣ
አዎ ይክፈል! ሁለት ቦታ ነው የሚፈልገው። እዚያ ሊኖር፣ እዚህ ሊቀበር።

መሪጌታው
ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ደብዳቤው የገንዘብ አይደለም። ሟቹ ክርስቲያን መሆኑን፣ ንስሐ መግባቱን የነፍስ አባቱ ካልመሰከረ እኛ በምን እናውቃለን? እሱን መጠየቅ ግድ ነው። ውዝፉ ግን ሌላ ነው። መጽሐፈ ግንዘቱን ሳነብ ሸበትሁ፣ ደረሰኝ የሚል ቃል አላጋጠመኝም። ሬሳ ከቤት እስከ መቃብር ሰባት ጊዜ እያረፈ ጸሎት ይደርስለታል። ስምንተኛው ማረፊያ ሒሳብ ክፍል ነው እንዴ? ሆሳዕና ዕለት በሰሙነ ሕማማት ለሚሞቱት ሁሉ ቀድመን ፍትሐት እናደርሳለን። ማን እንደሚሞት አናውቅም፣ ማን እንደከፈለም አንጠይቅም።

ከባሕር ዳር
የኔታ አፈር አይንካዎ! እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ለምንድን ነው ያን ሁሉ መንገድ ሬሳ የምናንከራትተው? ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። ይሄ የምትጣሉበት ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ፣ በቤተ ክርስቲያኗ መተዳደሪያ ደንብ፣ የተደራጀው በእሳቸው ዘመን ነው፣ በ1965። ደርግ በ1971 ገደላቸው። እስከ 1984 ድረስ ያለ ወግ ያለ ማዕረግ ተቀብረው ቆዩ። አጽማቸው ሲወጣስ በክብር ያረፈው የት ነው? አዲስ አበባ፣ ጎፋ ገብርኤል። ደብረ ኤልያስ አልመጣም። ምን ጎደለባቸው?

ጠያቂው
እህት ዓለም፣ እውነትሽን ነው። ግን ይህን አልጋ ላይ ላሉ አባት ማን ይነግራቸዋል? ኑዛዜ ነው። እምቢ ብል አክስቴ ዕድሜዬን ሙሉ አታናግረኝም።

ከባሕር ዳር
እንግዲያው ጥፋቱ የእናንተም ነው። ሬሳ ይዞ የሚሄድ ሰው መኪናው ጎሐ ጽዮን ሳይደርስ ይደውላል። ደብዳቤ የያዘ አንድ ሰው ቀድሞ ይላካል። እኛ አያታችንን ስንወስድ አጎቴ ማታውኑ ቀድሞ ሄዶ ከአስተዳዳሪው ጋር ጨረሰ። ጠዋት ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ከመንገድ ተቀበሉን።

ገንዘብ ያዡ
ይኸ ነው ወጉ። በር ላይ ማቆሙን እኔም አልደግፍም፣ ነውር ነው። መጀመሪያ ይቀበር፣ ስለ ውዝፉ ከሠልስት በኋላ ቤተሰቡ ይጠየቅ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ከሠልስት በኋላ ስልክ የሚያነሳ የለም። እስከ አርባው ጠብቄ፣ ለተዝካሩ መጥተው ጠላ ጠጥተው፣ መዝገቤን ሳወጣ መኪና ውስጥ የገቡ አሉ።

ከቡሬ
ሃሃ! እሱስ ልክ ነው። ቁጥር 10ንም አነበብኩት፣ አለ።

ጠያቂው
እኔ አሁንም በሩ ላይ የሆነው ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ያቺን የአክስቴን ዓይን አልረሳውም። ግን አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔና ወንድሜም አዲስ አበባ ነው ያለነው፣ እዚያ መዝገብ ላይ ስማችን የለም። ከወዲሁ ለመመዝገብ የነፍስ አባት ደብዳቤ ብቻ ይበቃል?

ገንዘብ ያዡ
ይበቃል። ሁለት ሁለት ጉርድ ፎቶም ያዙ።