ፖለቲካ ከገባበት በኋላ ክለባችሁን እንደ ድሮው መደገፍ የቻላችሁ አላችሁ?

የሚስማር ተራው

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። የአዲስ አበባ ክለብ ደጋፊ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ከጻፍኩት ወዲያው "እናንተ ናችሁ፣ እነሱ ናቸው" ውስጥ እንገባለን፣ እኔ ደግሞ ሸሽቼ የመጣሁት ከዚያ ነው።

አባቴ በስድስት ዓመቴ ትከሻው ላይ አድርጎ አዲስ አበባ ስታዲየም አስገባኝ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ የሚያመልጠኝ ስታመም ብቻ ነበር። ክለባችን ወደ ክፍለ ሀገር ሲወጣ ብር አዋጥተን፣ አውቶቡስ ተከራይተን፣ ሌሊት አስር ሰዓት ተነስተን አዳማም ሐዋሳም እንሄድ ነበር። እየዘፈንን ሄደን እየዘፈንን እንመለሳለን። ብንሸነፍም።

አሁን ጨዋታ መቼ እንደሆነ የምሰማው ከሰው ነው። ስንተኛ እንደሆንን አላውቅም። ሽንፈት አይደለም ያራቀኝ፣ በሽንፈት ቢሆን ኖሮ ድሮ በራቅኩ። ለእኔ ነገሩ የተሰበረው በ2010 እና በ2011 ነው። ያኔ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የክለብ ስም ሲጠራ ሰው የሚሰማው ኳስ አልነበረም፣ ብሔር ነበር። ተጫዋች ሲፈርም "ጥሩ ነው ወይ?" ሳይሆን "የየት ልጅ ነው?" ይባል ጀመር።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አጠገቤ ለአስር ዓመት የተቀመጠ ሰው ነበር። ስሙን እንኳ አላውቀውም፣ "ጓዴ" ነው የምንለው። ግብ ሲገባ መጀመሪያ የማቅፈው እሱን ነው። የዚያን ቀን ከኋላችን ኳስን የማይመለከት ዘፈን ተነሳ። ሰውን በዘሩ የሚሰድብ ዘፈን። ጓዴ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፣ ከዚያ ጃኬቱን አነሳና ወጣ። እረፍት እንኳ አልደረሰም ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ ዘፈኑን አልዘፈንኩም። ግን "ተዉ" አላልኩም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ የአርሰናል ማልያ ግዛልኝ ይለኛል፣ ገዛሁለት። ስለ እኔ ክለብ ግን ምን ብዬ እንደምነግረው ግራ ገባኝ። እናንተስ? ስሜታችሁ ቀዘቀዘ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

የፋሲል ግንብ ጥላ

ወንድሜ አንተ ብቻ አይደለህም፣ ግን የእኔ ታሪክ ትንሽ ይለያል፣ በግልጽ ልናገር።

ያን ጊዜ የእኔ ስሜት አልቀዘቀዘም። ጨመረ። የጎንደሩን ፋሲል ከነማን፣ አፄዎቹን፣ ከልጅነቴ ነው የምወዳቸው፣ ፋሲል ታችኛው ሊግ እያለ ጀምሮ። ግን በነዚያ ዓመታት የነበረውን ሙቀት በሕይወቴ አላየሁም። ስታዲየም ገብተው የማያውቁ ጎረቤቶቼ ማልያ ለብሰው መጡ። እናቴ ሳትቀር ውጤት ትጠይቅ ነበር። ስለዚህ "ፖለቲካ ደጋፊን ያቀዘቅዛል" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። መጀመሪያ ያግላል። በደንብ ያግላል።

ችግሩ የገባኝ በኋላ ነው። በ2010 የአማራና የትግራይ ክልል ክለቦች ሲገናኙ ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ ይደረግ የነበረበትን ጊዜ አስቡት። ገለልተኛ ሜዳ ማለት እኮ የሜዳህን ጨዋታ ተነጠቅክ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅከው ትልቁ ጨዋታ፣ ከተማህ ላይ ሊደምቅ የሚገባው፣ ሌላ ቦታ ሄዶ እንግዳ ሜዳ ላይ ይደረጋል። አንተ ከሩቅ ሬዲዮ ትሰማለህ። ለዚያ ሁሉ ሙቀት የተከፈለው ይሄ ነው።

የ2011 ዋንጫ እስከ መጨረሻው ቀን አልለየም ነበር። እኛና መቐለ ነበርን አናት ላይ። እነሱ ወሰዱት። ያን ቀን ያለቀስኩት ለኳስ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከኳስ በላይ የሆነ ሽንፈት አድርጌ ወስጄዋለሁ፣ ያ ደግሞ ልክ አልነበረም። በ2013 ዋንጫውን ስናነሳ ግን ተቀናቃኛችን ሊጉ ውስጥ አልነበረም። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ሙሉ ግን አልነበረም።

ምዓም አናብስት ሴቷ

ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ ስለ 2013 የጻፍከውን ሳነብ ትንሽ ዝም ብዬ ቆየሁ። አመሰግናለሁ።

እኔ የመቐለ 70 እንደርታ ደጋፊ ነኝ። ስለ 2011 ሁሉም ፖለቲካውን ያወራል፣ ኳሱን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። አሰልጣኛችን ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አድርጎ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እኛን ሻምፒዮን አደረገ። በሁለት ክለብ፣ በተከታታይ ዓመት። እንዲህ ያለ ሥራ ሌላ አገር ቢሆን ለዓመታት ይወራለት ነበር። እኛ አገር ግን ዋንጫው የየትኛው ክልል ነው የሚለው ክርክር ዋጠው። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። የእሱን ድካም፣ የተጫዋቾቹን ሩጫ፣ ሁሉንም ፖለቲካው ወሰደው።

ከዚያ የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። ከዚያ ጦርነት። የትግራይ ክለቦች፣ መቐለም፣ ስሑል ሽረም፣ ወልዋሎም ከሊጉ ወጡ። የተመለሱት በ2017 ነው። በነዚያ ዓመታት ኳስ ማሰብ ራሱ የሚያሳፍር ይመስለኝ ነበር። ማልያዬ ግን ሻንጣ ውስጥ ነበር፣ አልጣልኩትም።

ስለ ስሜት መቀዝቀዝ ስትጠይቁ እኔ የምለው ይሄንን ነው። ክለቤ ሲመለስ እንደ ድሮው አልጮህኩም። አለቀስኩ እንጂ። አሰላለፉን ሳይ የማውቃቸው ስሞች ጥቂት ነበሩ። ከአጠገቤ ይቀመጡ የነበሩትም ሁሉም አልመጡም። ግን መጫወታቸው ብቻ በቃኝ። ተሸንፈን ስንወጣ እንኳ "ተሸነፍን" ማለት በመቻሌ ደስ አለኝ። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ፋሲል መቐለ መጥቶ፣ እኛ ጎንደር ሄደን፣ ስለ ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ መጣላት።

የካታንጋ ሽማግሌ

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ እንደ እናንተ ፈጥኜ አልጽፍም።

"ፖለቲካ ኳስ ውስጥ ገባ" ስትሉ ድሮ ያልነበረ አስመስላችሁታል። ነበረ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 አራዳ ላይ ሲመሠረት ጣልያን ደጃፍ ላይ ነበር። በወረራው ዘመን ሐበሻ ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ ቡድን መደገፍ ራሱ ፖለቲካ ነበር። በደርግ ጊዜ የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተወርሶ ክለቡ በቢራ ስም ይጠራ ነበር፣ እኛ ግን ስታዲየም ስንገባ "ጊዮርጊስ" ከማለት አልተመለስንም። የጦሩ ክለብ መቻልም መከላከያ ተብሎ ኖረና በ2014 የድሮ ስሙን አገኘ። ይድነቃቸው ተሰማን ደግሞ ተመልከቱ፣ በአፍሪካ እግር ኳስ መሪነታቸው የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ከሜዳ ለማስወጣት ዕድሜያቸውን ሙሉ ታግለዋል። ያ ፖለቲካ አይደለም? ነው። ደጋፊን ግን አላቀዘቀዘም፣ አኮራን እንጂ።

በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን የአስመራው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ጎረምሳ ነበርኩ። የየት ልጅ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ፖለቲካው ከውጭ መጥቶ ቡድኑን ሲጫን ደጋፊው አንድ ላይ ሆኖ ይይዘው ነበር። የእናንተ ዘመን ግን ደጋፊውን ራሱን ከመቀመጫው አስነስቶ ከፋፈለው። ጃኬቱን ይዞ የወጣው ሰውዬ ታሪክ አንጀቴን በላው። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን ሰው ፈልገኸዋል ወይ?

አንድ ሌላ ደግሞ ልጨምር። የቢሮ ፖለቲካ የሚባለውን አትርሱት። በ2000 ፌዴሬሽኑ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ወረዱ አልወረዱም ተብሎ ሲጎተት፣ ፊፋ አገሪቱን አገደ። ከእ.ኤ.አ. 2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ሰረዙን። ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ? በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ከስታዲየም ቀረ፣ እኔም ለጥቂት ጊዜ ቀርቻለሁ። የመለሰን በ2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን ነው። ያን ቀን ስታዲየም ውስጥ የማላውቀው ልጅ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።

ሰሜን አሜሪካ 84

ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። እዚህም ያው ነው። የሰሜን አሜሪካው የስፖርት ፌዴሬሽናችን እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ ነው፣ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ከየከተማው ቡድኖች መጥተው ይጫወታሉ። ፕሮፌሽናል አይደለም፣ ግን ለእኛ ከፕሪምየር ሊግ ይበልጣል። ዘመድ የምናገኘው እዚያ ነው፣ የተጋባነውም ብዙዎቻችን እዚያ ተዋውቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ዳላስ፣ ሌላው እዚሁ ዲሲ አርኤፍኬ ስታዲየም፣ በአንድ ሳምንት። "የት ትሄዳለህ?" የሚለው ጥያቄ "የማን ወገን ነህ?" ሆነ። ሃያ ዓመት አብረውኝ የተጫወቱ ሁለት ጓደኞቼ በዚያ ሰበብ ለዓመታት አልተነጋገሩም። እኔ የትም አልሄድኩም። ቤቴ ተቀምጬ ዋልኩ። ልጆቼ ለምን እንዳልሄድን ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን እሄዳለሁ፣ ኳሱን ግን ብዙም አላይም፣ ሰው ነው የማየው።

ቁጭ ብዬ

እኔ በከፊል አልስማማም። ሁሉንም ለብሔር ፖለቲካ መስጠት ልክ አይደለም። ደጋፊን ከክለቡ የለየው ሜዳ ማጣት ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ ለዓመታት በአንድ ከተማ እየተሰበሰበ ሲደረግ ቆየ፣ አንዴ ጅማ፣ አንዴ ባሕር ዳር፣ አንዴ ድሬዳዋ፣ አንዴ ሐዋሳ። የምታየው በዲኤስቲቪ ነበር፣ እሱም ካለህ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት በእድሳት ተዘጋ። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በ2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ "የሜዳችን" ጨዋታ የተደረገው ማላዊ ሊሎንግዌ ነው! ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ እኔ ካፌ ውስጥ ነበርኩ። ለብዙ ዓመታት ስንጠብቀው የኖርነውን ዓይነት ድል፣ እዚህ ስድስት ኪሎም መስቀል አደባባይም ሊናጥ ሲገባው፣ በቴሌቪዥን አየነው።

ወደ አውሮፓ ኳስ መሸሽም አያድንም። የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የክለቡ ባለቤት በነበረው ሩሲያዊ አብራሞቪች ላይ ማዕቀብ ሲጣል ክለቡ አዲስ ትኬት እንዳይሸጥ ተከልክሎ ነበር። ልጅህ የሚለብሰው የአርሰናል ማልያ እጅጌ ላይም ለዓመታት "ሩዋንዳን ጎብኙ" የሚል ተጽፎበታል፣ የራሳቸው ደጋፊዎች እስኪቃወሙት ድረስ። ልዩነቱ፣ እነሱ ቅዳሜ ሲደርስ የሚገቡበት ስታዲየም አላቸው። ተናደውም ይገባሉ፣ ውስጥ ሆነው ይቃወማሉ። እኛ መቃወሚያ መቀመጫውንም አጣን።

የሚስማር ተራው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም።

"ቁጭ ብዬ"፣ የሜዳው ነገር እውነት ነው። እኔ ግን ሜዳው ከመዘጋቱ በፊት ነው የወጣሁት፣ ስለዚህ ለእኔ ምክንያት አይሆነኝም። የመቐለዋ እህቴ፣ ስለ ማልያው የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ሌሊቱን አላስተኛኝም። አልፈለግኩትም። ስሙን ስለማላውቅ ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጥቼ ነበር። ግን ከጨዋታ በፊት ሁሌ አብረን ቡና የምንጠጣበት ቤት ነበር፣ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ሴትየዋ እሱን በስሙ ነበር የምትጠራው። ቤቱ ይኑር አይኑር አላውቅም። ነገ ከሥራ ስወጣ ልጄን ይዤ በዚያ በኩል አልፋለሁ።

የካታንጋ ሽማግሌ

ሂድ ልጄ። ስታገኘው እዚህ ጻፍልን።